በሞቴ የማይባልበት ገበታ

በጎጃም ምግብ የሚበላው በመሐላ ነው። ገበታ የቀረበለት እንግዳ ሳይለመን እጁን ከሰደደ ወሬው ከእሱ ቀድሞ አገሩ ይገባል፤ ባለቤቲቱም አንድ ጊዜ ብቻ «ብሉ» ብላ ዝም ካለች ንፍገቷ እስከሚቀጥለው ማኅበር ድረስ መነጋገሪያ ይሆናል። ስለዚህ ሁለቱም ድርሻቸውን አሳምረው ያውቁታል። እንግዳው «ኧረ አሁን በልቼ ነው የወጣሁት» ሲል ባለቤቲቱ «በሞቴ!» ትላለች፤ እሱ «ሆዴም ብዙ አልተመቸው» ሲል እሷ «አፈር ስሆን!» ትላለች፤ በመጨረሻም የተሸነፈ ሰው መስሎ «እንግዲህ ለእናንተ ስል ልቅመስ» ይልና፣ ለእነሱ ሲል ሦስት እንጀራ አንሥቶ፣ ለእነሱ ሲል አንድ ዋንጫ ጠላ ጨልጦ፣ ለእነሱ ሲል ሁለተኛውን ያስቀዳል። ከጉርሻም ማምለጫ የለም፤ አንዱ ያጣላል፣ ሁለተኛው ያቃቅራል፣ ሦስተኛው ያፋቅራል ስለሚባል ፍቅር የሚያስፈራው ሰው እንኳ ሦስት ጊዜ አፉን የመክፈት ግዴታ አለበት።

ይህ ሥርዓት ለብዙ ዘመን ሲሠራበት ኖሮ አሁን የተቸገረው ቤትና ሆቴል ቦታ ስለተለዋወጡበት ነው። በደብረ ማርቆስም፣ በፍኖተ ሰላምም፣ በባሕር ዳርም ትንሽ ገንዘብ የያዘ ሰው ቤቱን ሆቴል ለማስመሰል ሲደክም፣ ሆቴል ያለው ደግሞ ሆቴሉን ቤት ለማስመሰል ይደክማል። ሆቴሉ ጣሪያውን በሣር ይከድናል፣ ወለሉ ላይ ቄጤማ ይጎዘጉዛል፣ አገልግልና ሰፌድ ግድግዳው ላይ ይሰቅላል፣ በበሩም «የእናት እጅ ጣዕም» የሚል ጽሑፍ ይለጥፋል፤ ከጓዳው ብቅ የሚለው ግን ረጅም ነጭ ቆብ የደፋ ጢማም ጎረምሳ ነው። ቤቱ በበኩሉ መሶቡን ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ አውጥቶ ጌጥ አድርጎታል፤ በምትኩ የጣት አሻራ የሚቆጥር የመስተዋት ጠረጴዛ ገብቷል፣ በዓመት አንድ ጊዜ ከመሳቢያ የሚወጣ ሹካና ቢላም ተደርድሮበታል። ፓስታ ይቀርባል፣ ከጎኑ ደግሞ ቤቱ ያፈራው እንጀራ ይቀርባል፤ እንግዳውም ሹካውን በአክብሮት ወደ ጎን ገፋ አድርጎ ፓስታውን በእንጀራ ጠቅልሎ ይጎርሳል። ይህን ብልሃት ከልቤ አደንቀዋለሁ፤ ፓስታን ያለ ጦርነት ማርኮ ያገባው እንጀራ ነውና።

የእንጀራ ነገር ከተነሣ፣ ከዚህ ሁሉ መለዋወጥ እንደ ጥቁር እንጀራ ዕድል የቀናው የለም። ምሥራቅ ጎጃም የጤፍ አገር ነው፤ ነጭ ጤፍ ያለው ቤት በእንጀራው ይኮራል፤ ወደ ምዕራብ ጎጃምና ወደ አዊ ስንሻገር ደግሞ ዳጉሳ ከጤፍ ጋር ይቀላቀልና እንጀራው ጠቆር ይላል። ድሮ እንግዳ ሲመጣ የመጀመሪያው ሥራ ይህን ጠቆር ያለውን ከመሶቡ አውጥቶ ጓዳ መደበቅ፣ ነጩንም ከጎረቤት መበደር ነበር። አሁን ሆቴሉ ያንኑ የተደበቀውን እንጀራ ከጓዳ አውጥቶ «ጥቁር ጤፍ፣ ብረት ያለው፣ ግሉተን የሌለበት» ብሎ በምናሌው ላይ ጽፎታል፤ ጤፍ ነጩም ጥቁሩም ግሉተን እንደሌለበት ግን አልጻፈም። ዋጋውም ከነጩ ይበልጣል። አንዲት የእናቴ እኅት ይህን ስትሰማ «ይህን ያህል የሚያስከፍል መሆኑን ባውቅ ኖሮ ልጆቼን አስከፍላቸው ነበር» ብላለች። ተልባም እንዲሁ ነው፤ በጾም ቀን በጣሳ ተበጥብጦ ይጠጣ የነበረው፣ ዛሬ በረጅም ብርጭቆ ከነቀሰሙ ቀርቦ ከስፕሪስ ጋር እኩል ይጠራል።

መለዋወጡ እስከ ምግቡ ብቻ ቢሆን ኖሮ ማንም ባልተጎዳ። ክፉው ነገር የሆቴሉ ሥርዓት ወደ ቤት መግባቱ ነው። የዘመዳችን ልጅ ከዩኒቨርሲቲ የተመረቀ ጊዜ ባሕር ዳር በወላጆቹ ቤት ድግስ ተደገሰ፤ ከቢቸና የመጡት አጎቴም ነጭ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ዱላቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው፣ ከምግቡ ትይዩ በክብር ተቀመጡ። ሰውየው ከሌሊት ጀምረው በአውቶቡስ የመጡ ናቸው። ምግቡ በረጅም ጠረጴዛ ላይ ተደርድሯል፤ ቀይ ወጡ፣ አልጫው፣ ጥብሱ፣ አይቡ፣ ሩዙ፣ ማንም ያልነካው ሰላጣም ጭምር አለ። የቤቱ ልጅ ጎንበስ ብላ «ጋሼ፣ ተነሥተው ያንሡ እንጂ» አለቻቸው። አጎቴም በደንቡ መሠረት «ተይ ልጄ፣ አሁን በልቼ ነው የመጣሁት» አሉ። እሷም ፈገግ ብላ «እሺ ጋሼ፣ እንደፈለጉ፤ ቤቱ የእርስዎ ነው» ብላ ወደሚቀጥለው እንግዳ አለፈች።

የአጎቴ ፊት ምን እንደመሰለ ማየት የሚችለው ሥርዓቱን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነበር። ሁለተኛውን ልመና ለመቀበል አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ተዘጋጅተው ነበር፤ አንገታቸው እዚያው ቀረ። ጥቂት ቆይቶ አንድ ወጣት ሳህኑን እንደ ጉና ተራራ ቆልሎ ሲያልፍ «አባባ፣ አይበሉም እንዴ?» ሲላቸው ተስፋቸው ታደሰ፤ «ኧረ ትንሽ ይቆየኝ» አሉ፤ ልጁም «ይሻልዎታል፣ ሰልፉም ይቀንሳል» ብሎ ሄደ። ከዚያ በኋላ የመጣው ፎቶ አንሺው ነው፤ እሱም ከሥዕሉ እንዳይገቡ ትንሽ ፈንጠር እንዲሉለት ለመናቸው። በመጨረሻም አንዲት ትንሽ ልጅ በትሪ ላይ ሶፍትና ስቴኪኒ ይዛ እየዞረች አጎቴ ዘንድ ደረሰች። አጎቴ ስቴኪኒውን ተቀበሉ። ምንም ያልገባበትን ጥርሳቸውን በክብር እየጎረጎሩ፣ የተመረቀውን ልጅ መርቀው፣ ወጡ።

ሲወጡ የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እህል ሞልቶ ሰው የጠፋበት ቤት ዐየሁ» አሉ። ወደ መናኸሪያው ስንደርስ ከመንገድ ዳር የተቀቀለ ድንች በአዋዜ የምትሸጥ ሴት ፊት ቆሙ። ጎጃም የድንች አገር ስለሆነ፣ ድንቹ ከቆዳው ተላቆ በአዋዜ ሲጠቀስ ማንንም አያሳፍርም። ሴትዮዋ ድንቹን በወረቀት እየጠቀለለች «አባቴ፣ አንድ ልጨምርልዎ፣ በሞቴ!» አለቻቸው። አጎቴ ሁለት ጊዜ እምቢ ብለው በሦስተኛው ተቀበሉ። በዚያ ቀን ስለ ምግብ ተብሎ የተማለላቸው በገንዘባቸው ነው።

ስለ ደጀን ምሳ ብዙ መናገር አያስፈልግም። ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ተወርዶ መልሶ የሚወጣውን የዓባይን በረሃ አልፎ ከተማዋ ላይ የደረሰ መንገደኛ ያገኘውን ይበላል፤ በዚያ «በሞቴ» የሚለው የአውቶቡሱ ጡሩምባ ነው፣ እሱን ደግሞ ማንም እምቢ አይልም።

ጣና ዳር ግን ረጋ ብሎ መቀመጥ ይገባል። ምናሌው ወፍራም ነው፤ አስተናጋጁ ግን ደንበኛውን ከድካም ለማዳን ሲል የሌለውን አስቀድሞ ይነግረዋል፤ ከብዙ «አልቋል» በኋላ የሚተርፈው ዓሣ ነው፣ እሱም ቢሆን ጉላሽ፣ ኮተሌት፣ ዱለት ወይም ጥብስ ይሆናል። የሚመረጠው ጥብሱ ነው። ቆሮሶው ከነጭንቅላቱ ጎንና ጎኑ በቢላ ተተልትሎ፣ በፈላ ዘይት ውስጥ ገብቶ፣ ጠርዙ ቡናማ ሆኖ ሲወጣ ሥጋው ከአጥንቱ በጣት ይላቀቃል፤ ሎሚ ይጨመቅበታል፣ አዋዜ ይነካል፤ ከዚያ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ በጠረጴዛው ዙሪያ ፖለቲካ እንኳ አይወራም፣ አጥንት እየተለቀመ የሚናገር ሰው ይታነቃልና። በዓቢይ ጾም 55 ቀናት የዓሣ ነገር ሌላ ክርክር አለው። ምናሌው «የጾም ምግቦች» በሚለው ርእስ ሥር ዓሣን በድፍረት አስቀምጦታል፤ ከደንበኞቹም ገሚሱ ይበላል፣ ገሚሱ ይኮንናል፣ ጥቂቶች ደግሞ ወደ ሐይቁ ፊታቸውን፣ ወደ መንገዱ ጀርባቸውን አዙረው፣ ከዋርካው በስተጀርባ ባለው ጠረጴዛ ላይ ይበላሉ። እነዚህ የመጨረሻዎቹ ቀድሞ ሲወጡ ሲገቡ የሚኮንኑት ናቸው ብዬ እጠረጥራለሁ።

ከዓሣው በኋላ ወንዶች ሁሉ የሚያነሡት አንድ ንግግር አለ። ጥርሳቸውን እየጎረጎሩ ወደ ኋላ ዘንበል ይሉና «የሆነው ሆኖ የቤት ምግብን የሚያህል የለም» ይላሉ። ዶሮ ወጥን ምሳሌ ያደርጋሉ። እውነት ነው፤ በቤት ዶሮዋ 12 ብልት ትወጣለች፣ እያንዳንዱም ብልት ባለቤት አለው፤ ፈረሰኛው ለአባወራው ወይም ለከበረው እንግዳ ነው፣ ክንፉና አንገቱ ወደ ልጆቹ ይወርዳል። በሆቴል ግን አንድ ብልትና አንድ እንቁላል በድስት ይመጣል፤ ብልቱም ዶሮዋ በሕይወት ሳለች የት ላይ እንደነበረ ለመለየት ምርመራ ይጠይቃል። እስከዚህ ድረስ ከወንዶቹ ጋር እስማማለሁ። ግን ንግግሩ ሽንኩርቱን አይጠቅስም። ዶሮ ወጥ የሚሠራው ሰው ሽንኩርቱን ያለ ዘይት አብስሎ፣ አቅልቶ፣ የቡሬ በርበሬ ጨምሮ፣ እንዳያርር እያማሰለ፣ ግማሽ ቀኑን ከምድጃው ጋር ተፋጥጦ ይውላል፤ ዶሮዋም በሎሚና በጨው ደጋግማ ታጥባ ሽታዋ እስኪጠፋ ድረስ የሚያያት እንኳ የለም። የቤትን ምግብ አብዝቶ የሚያሞግሰው ሽንኩርት ከትፎ የማያውቀው ነው። ስትከትፍ የኖረችው ሚስት ከሆቴል ምግብ የትኛውን እንደምትወድ ብትጠየቅ «ሳህኑን እኔ የማላጥበውን» ትላለች፤ ይህን መልስ ከአንድ ጓዳ በላይ ሰምቼዋለሁ።

ሒሳቡ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ጦርነት ይነሣል። 15 በመቶ ቫት የታከለበት ወረቀት ከጠረጴዛው ላይ ሳያርፍ ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ይይዙታል፤ «እመብርሃንን አትከፍልም!»፣ «ከከፈልህ አልተዋወቅንም!» ይባባላሉ፤ አንዱ የሌላውን አንጓ ይይዛል፣ ኪስ ውስጥ የገባ እጅ በግድ ይጎተታል፣ የኮት ቁልፍ ይበጠሳል፤ አስተናጋጁም ጣልቃ ሳይገባ ዓይኑን ወደ ሐይቁ ልኮ ይጠብቃል። እንዲህ ባለው ጦርነት ውስጥ የሚያሸንፈው ሁልጊዜ ሦስተኛው ሰው ነው። እሱ «እጄን ልታጠብ» ብሎ ተነሥቶ፣ ገንዘብ ያዢዋ ጆሮ ሹክ ብሎ፣ በቴሌብር ከፍሎ ጨርሶ፣ እጁን በእርግጥም ታጥቦ ይመለሳል። ተሸናፊዎቹ ለዚህ ውርደት ብድር መመለስ አለባቸው።

አንድ ወዳጄ እንዲህ ተሸንፎ በቁጭት «እንግዲህ በሚመጣው እሑድ ሁላችሁም እኔ ቤት ናችሁ! ሆቴል ምን ይረባል፣ ዶሮ ወጥ ትበላላችሁ!» ብሎ ዐወጀ። ዐዋጁን ማታ ለባለቤቱ አሰማ። እሷም ሳትቆጣ፣ ድምፅዋንም ሳትቀይር፣ «እሰየው፣ ይምጡ። ሽንኩርቱን ግን የጋበዘው ሰው ይክተፍ» ብላ ተኛች። ወዳጄ ጥቂት ቀን አሰበ፤ አንድ ጊዜ አንድ ራስ ሽንኩርት ልጦ ሞከረ፣ አለቀሰም። ከዚያ በኋላ ወደ አንድ ሆቴል ሄዶ ሁለት ዶሮ ከነሙሉ ብልታቸው አዘዘ። እሑድ ረፋዱ ላይ ወጡ በጓሮ በር ገባ፤ ባለቤቱ ወደ ራሷ ድስት ገለበጠችው፣ ቤቱም የሠራ ቤት እንዲሸት ትንሽ ሽንኩርት በቅቤ አቁላልታ እንፋሎቱን ወደ ግቢው ለቀቀችው።

እንግዶቹ ከበር ሲገቡ በአፍንጫቸው ስበው «ይኸ ነው የቤት እጅ!» ተባባሉ። ለጉዳይ ከቢቸና መጥተው የነበሩትን አጎቴንም ይዤያቸው ሄጄ ነበር። ሴትዮዋ ከንጋት ጀምሮ አልቆመችም፣ ጭስ አልጠጣችም፣ ዓይኗም አልቀላም፤ ስለዚህ ያልደከመች ሴት ብቻ ልትለምን በምትችለው ጉልበት ትለምን ጀመር። አጎቴ «አሁን በልቼ ነው» ሲሉ «በሞቴ!» አለች፤ «ይበቃኛል» ሲሉ «አፈር ስሆን!» አለች፤ ሦስተኛውን እምቢታ ሳይጨርሱት ፈረሰኛው ከፊታቸው ተቀመጠ፣ ሦስቱም ጉርሻ ተከታትሎ ገባ። አጎቴ በሉ። ሁለተኛውን እንቁላል ሲቀበሉም ወደ ወዳጄ ዞር ብለው፣ «አንተ ግን እንዲህ ያለች ባለሙያ በቤትህ ተቀምጣልህ ከሆቴል ሆቴል የምትዞረው ምን አጥተህ ነው?» ብለው በእንግዶቹ ሁሉ ፊት ገሠጹት።