ሰላዩ ያላወቃት ካይሮ

በስለላ ፊልሞች ላይ የሚሳለቅ ኮሜዲ መሥራት ለብዙዎች ፍንዳታውን ማብዛትና ጀግናውን እያደናቀፉ መጣል ይመስላቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 ሚሼል ሃዛናቪሲየስ ያዘጋጀውና ዣን ዱዣርደን በመሪነት የተወነበት የፈረንሳይ ፊልም፣ «ኦ.ኤስ.ኤስ. 117፦ ካይሮ፣ የሰላዮች ጎጆ»፣ በዓይነቱ ከማውቃቸው ሁሉ የሚልቀው ሳቁን ከጀግናው ድንቁርና ስለሚያወጣ ነው ብዬ አምናለሁ።

የፊልሙ ጀግና፣ ኦ.ኤስ.ኤስ. 117 የሚባለው ሰላይ ሁቤር ቦኒሰር ደ ላ ባት፣ ለፈረንሳዮች የራሳቸው ልጅ ነው። ደራሲው ዣን ብሩስ በ1949፣ ማለትም ጄምስ ቦንድ በመጽሐፍ ከመታየቱ አራት ዓመት ቀድሞ ፈጠረው፤ በ1960ዎቹም የተሠሩለት ፊልሞች ጀግንነቱን ከልባቸው የተቀበሉ ነበሩ። ሃዛናቪሲየስ በሆሊዉድ ከማሾፍ ይልቅ አባቶቹ ያጨበጨቡለትን ሰው አንሥቶ ዳግመኛ እንድናየው አደረገ።

ዘመኑ 1955 ነው። አልጄሪያ ከፈረንሳይ ነፃ ለመውጣት ያካሄደችው ጦርነት ከተጀመረ ዓመት አልሞላውም፤ የግብፁ መሪ ናስር የስዊዝን ቦይ የግብፅ ንብረት ሊያደርጉ አንድ ዓመት ቀርቷል። ሁቤር ግን ይህን ሁሉ አያይም። በ1869 የተከፈተውን ቦይ ሲመለከት ከአራት ሺህ ዓመት በፊት የተሠራ መስሎት ይደነቃል፤ የፈረንሳዩን ፕሬዝዳንት የረኔ ኮቲን ፎቶግራፍ እንደ ታላቅ ስጦታ ይሰጣል፤ ማለዳ አዛን ሲቀሰቅሰው ደግሞ ሚናራው ላይ ወጥቶ ሙአዚኑን በጉልበት ዝም ያሰኛል። በዚህ ትዕይንት የሚስቅ ተመልካች የሚስቀው በሚጸልየው ሰው አይደለም፤ የሰው አገር ገብቶ እንቅልፌን ለምን ነካችሁ በሚለው እንግዳ ነው። ቤረኒስ ቤዦ የምትጫወታት ላርሚና ንግግሩን ስትሰማ ፊቷ ላይ የሚነበበው መገረም የእኛም መገረም ነው።

ሳቁ እንዲሠራ የረዳው የእጅ ሥራው ጥንቃቄ ነው። ብርሃኑና ቀለሙ የድሮውን ሲኒማ ይመስላሉ፤ መኪና ሲነዳ ከኋላ የሚታየው መንገድ ያኔ ይደረግ እንደነበረው በሸራ ላይ የተጣለ ምስል ነው። የድሮውን ፊልም ያልወደደ ሰው ይህን ያህል አስመስሎ ሊሠራው አይችልም።

ጉድለት የለበትም አልልም። ከግብፃውያኑ ገጸ ባሕርያት መካከል የራሷ ሐሳብና ክብር በሚገባ የተሰጣት ላርሚና ብቻ ናት ማለት ይቻላል፤ የቀሩት ለቀልዱ ማለፊያ ሆነዋል። ሆኖም ፊልሙ የቅኝ ግዛትን ንቀት መልሶ ያሰራጫል የሚለውን ክስ አልቀበለውም፤ ንቀቱን የተሸከመው ሰው በእያንዳንዱ ትዕይንት የሚዋረደው እሱ ራሱ ነውና።

የቀልዱ ዒላማ የት እንደሆነ በ2009 የወጣው ሁለተኛው ፊልም ይበልጥ ግልጽ አድርጎታል። በዚያ ሁቤር ወደ ሪዮ የሚላከው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከናዚዎች ጋር የተባበሩ ፈረንሳውያን ስም የሰፈረበትን ማይክሮፊልም እንዲያመጣ ነው፤ እሱም ዝርዝሩ በጣም አጭር እንደሚሆን በሙሉ ልቡ ያምናል።