«ተይዟል በላት»

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ከእናንተ በፊት ግን ራሴን ልቆጣ። ያቺን ቃል ወደ እንግሊዝኛ የመለስኳት እኔ ነኝና።

ሜሪላንድ የሚኖሩ፣ ጋሼ የምላቸው ሰው አሉ። ዲሲ ውስጥ ከጆርጂያ አቬኑ ትንሽ ገባ ብሎ የሚያከራዩት ቤት አላቸው። ቤዝመንቱ ተለቀቀ። «እንግሊዝኛው ያስቸግረኛል፣ ቅዳሜ ናና አሳይልኝ» አሉኝ። ሄድኩ።

ሦስተኛዋ ቤት ፈላጊ የሃምሳ ዓመት ገደማ ሴት ነበረች። ጥቁር አሜሪካዊት። ሆስፒታል ውስጥ በጽዳት ነው የምትሠራው፤ ዩኒፎርሟን እንኳ አላወለቀችም። ዘጠኝ ዓመት የሚሆነውን የልጅ ልጇን ይዛለች። ቧንቧውን ከፍታ፣ ሙቅ ውሃው እስኪመጣ እጇን ዘርግታ ጠበቀች። መስኮቱን ከፈተች፣ ዘጋች። ልጁ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በእርምጃ ለካና «አልጋዬ እዚህ ጋ ይገባል» አላት። ሳቀች። ከዚያ ከቦርሳዋ አንድ ወረቀት አወጣች። ቫውቸር ነው፤ መንግሥት የቤት ኪራይ የሚያግዝበት ወረቀት።

ጋሼ ወረቀቱን አላዩትም። ፈገግታቸውን ሳያጠፉ ወደ እኔ ዞሩ። «ተይዟል በላት። ጥቁሮቹን አታውቃቸውም፣ አንዴ ከገቡ አይወጡም።»

ጥቁሮቹ! እኛስ ምንድን ነን?

እኔም «ይቅርታ፣ ዛሬ ጠዋት ተይዟል» አልኳት። ጠዋት የሚለውን ከራሴ ነው የጨመርኩት። ሴትየዋ አማርኛ አትችልም፤ ግን ገብቷታል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ወረቀቷን አጥፋ ወደ ቦርሳዋ መለሰች። ልጁ አልጋው ይገባል ባለበት ጥግ እንደቆመ ነበር። ሁለቴ ጠራችው።

ከዚያ ጋሼ ምሳ ጋበዙኝ። ክትፎ። በላሁ። ጣፈጠኝም።

ለማታውቁት፣ ቫውቸር ያለው ተከራይ ከገቢው 30 በመቶ ያህሉን ይከፍላል። ቀሪውን መንግሥት በቀጥታ ለአከራዩ ይሰጣል። የዲሲ የቤቶች ባለሥልጣን የተጠባባቂዎቹን መዝገብ በፈረንጆች 2013 ሲዘጋ ከ70 ሺህ በላይ ስም ነበረበት። እንዲህ ተጠብቃ የተገኘችው ወረቀት ደግሞ ቀን አላት። ቤት ካልተገኘ ትቃጠላለች። «ቫውቸር አልቀበልም» ማለት በዲሲ ሕግ ክልክል ነው። «ተይዟል» የምትባለው ውሸት የተፈለገችውም ለዚሁ ነው።

ጋሼ ብቻቸውን ቢሆኑ ዝም ባልኩ። ምሳው ላይ ሲያወሩት ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ። ዜግነት ያገኘን ሁሉ ዲሞክራት መራጮች ነን እኮ! በ2020 ጁን፣ ከዋይት ሀውስ በላይ 16ኛው ስትሪት ላይ «ብላክ ላይቭስ ማተር» ተብሎ በቢጫ ሲጻፍ ሄደን ፎቶ ተነሥተናል። ጋሼም ተነሥተዋል። ከተማው በ2025 ማርች ሲያነሣው ደግሞ ተቆጣን። ወገኖቼ፣ የተቆጣነው ለአስፋልቱ ነው?

እስከ 1965 ድረስ የአሜሪካ ሕግ ለኢትዮጵያ የፈቀደው የስደተኛ መግቢያ ኮታ በዓመት 100 ሰው ነበር። ኮታው የተሻረው የዚያች ሴት ወላጆች ትውልድ በፖሊስ ውሻ እየተነከሰ መብቱን ሲጠይቅ በነበረበት ዘመን ነው። የዲሲ ጥቁሮች ሰፈር የነበረው ዩ ስትሪት፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደለ ጊዜ ተቃጠለ። እኛ ኋላ መጥተን ምግብ ቤት የከፈትነው እነሱ ጥለውት ባልሄዱት ሰፈር ነው። ከዚያም በፊት ጣልያን ሲወረን ጥቁር አሜሪካዊው አብራሪ ጆን ሮቢንሰን ከቺካጎ ድረስ መጥቶ አውሮፕላን አብርሮልናል። ያን ጊዜ «ተይዟል» አላልነውም።

እኔ ራሴ ስመጣ ክሬዲት የሚባል ነገር አልነበረኝም። ያለ ዋስ ቁልፍ የሰጠኝ የሕንፃው ኃላፊ፣ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ ነበር። ስሙን ረስቼዋለሁ።

አከራይነት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። የማይከፍል ተከራይ ያንገበገባቸው አሉ፤ ፍርድ ቤቱም ይጎተታል። እሷ ግን ምን አጠፋች? ሙቅ ውሃ ነው የፈተሸችው።

ባለፈው ሳምንት ጋሼ ደወሉ። ቤዝመንቱ እንደገና ሊለቀቅ ነው። «ትመጣለህ?» አሉኝ።

«እመጣለሁ፤ ቫውቸር የያዘ ሰው ከመጣ ግን ተይዟል አልልም።»

ዝም አሉ። ስልኩ የተቋረጠ መሰለኝ። «የመንግሥት ብር እኮ በየወሩ ሳያጓድል ይገባል» ብዬ ጨመርኩ። ያሳፍራል። ሰውነቷን ትቼ በብሯ አማለድኳት።

«እስቲ እናያለን» አሉ።

ይህቺን «እስቲ» ይዤ ቅዳሜን እየጠበቅሁ ነው።