"ባትሪው ነው" አትበሉኝ!

ጭቃና ድንጋይ ላይ የሚሠሩትን ትንንሽ መኪኖች ታውቋቸዋላችሁ አይደል? ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚቀመጥባቸው፣ ከኋላ ጭነት የሚይዙት። አንዷ አልነሳ ብላ "ቀጭ" ካለች አለቀ። ማንም ሳይነካት "ባትሪው ነው" ይባላል። ባትሪ ይቀየራል። ጥቂት ቀን ትሠራና ያው ቀጭ! አሁን ደግሞ "ሞተሪኖው ነው"፤ ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው ማለት ነው። እሱም ይቀየራል። ቀጥሎ "ሪሌው ሳይሆን አይቀርም"፤ ኃይሉን ወደ ሞተሪኖው የሚለቀው ማብሪያ መሆኑ ነው። ኧረ በፈጠራችሁ፣ ተለክቶ ነው ወይስ በዕጣ?

ቴስተር የሚባል የኤሌክትሪክ መለኪያ አለ እኮ! ቻርጅ የሞላ ያረፈ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ቁልፉ ሲዞር ወደ 9 ከወረደ፣ እሺ፣ ባትሪውን ጠርጥሩት። 12 ላይ ቆሞ መኪናዋ ቀጭ ብቻ ካለች ግን ባትሪው ምን አጠፋ? ኃይሉ መንገድ ላይ ቀርቷል። ሞተሩ ተነስቶ ቤንዚን ሲሰጠው ደግሞ ባትሪው ላይ 14 አካባቢ መነበብ አለበት። ካልወጣ ቻርጅ አያደርግም ማለት ነው፤ አዲስ ባትሪ ብትደረድሩበትም አንድ በአንድ ይገድላቸዋል።

በጣም የሚያበሽቀኝ የኔጋቲቩ ገመድ ነው። ከሻንሲው (ከመኪናዋ የብረት አጽም) ጋር የታሰረበት ቦታ ጭቃ ይጠጣል፣ ይዝጋል፣ በንዝረት ይላላል። አንድ ሰው ቴስተሩን "ጢጥ" አስብሎ "ገመዱ ደህና ነው" ይልሃል። ጢጥ ለማለት እኮ አንዲት ያልተበጠሰች ክር ትበቃለች! ሞተሪኖ የሚያዞር ኃይል ግን በአንዲት ክር አያልፍም። ቮልት ላይ አድርገህ አንዱን ጫፍ ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ ብረት ላይ ያዝና ቁልፉን አስዞር። 0.2 አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ካነበበ ሰላም ነው። ግማሽ ቮልት ካለፈ ሌባው ተገኘ። ብሎኑን ፍታ፣ ቦታውን ብረቱ እስኪያበራ ፈግፍግ፣ መልሰህ እሰር። በቃ!

እዚህ ላይ አጣቢዎችንም ሳላነሳ አላልፍም። በግፊት ውሃ የገመዶቹን መገናኛ ሶኬቶች እየደበደባችሁ "ታጥባ ስትመጣ ነው የተበላሸችው" ማለት ምን ይሉታል?

የሞተሩን ኃይል ወደ ጎማ የሚያስተላልፈው ቀበቶ፣ ቺንጋውም የራሱ ጉድ አለው። ሹፌሩ ጭነት ከምሮ ዳገቱን በከባድ ማርሽ መውጣት እያለ በፈጣኑ ያንፏቅቃታል። ቺንጋው ይንሸራተታል፣ ይግላል፣ ይሸታል፣ ይበጠሳል። ከዚያ "የዛሬ ቺንጋ ጥራት የለውም።" አዲሱ ሲገባ ደግሞ የተበጠሰው ክር ከሽፋኑ ውስጥ አይለቀምም፣ አየር ማስገቢያው አይታይም፤ ዝም ብሎ ይከደናል። እሱም ሲቃጠል ማን ይወቀሳል? ቺንጋ ሻጩ!