ዶክመንተሪ ነው ተብሎ
ትናንት ባህር ዳር ቤታችን ቁጭ ብለን ስለ ጣና የተሰራ ዶክመንተሪ አይተን ደሜ እስካሁን እንደፈላ ነው። ጎርጎራ ያለው አጎቴን ከአንድ ሰዓት በላይ ቀርጸውት ነበር፣ እምቦጩ መረቡን እንዴት እንደሚተበትበው፣ ስንቱ መጥቶ ቃል ገብቶ እንደጠፋ ሁሉን ነገራቸው። ፊልሙ ላይ የወጣችው ግን «አሁንማ ተመስገን ነው» ያላት ብቻ! እሷንም ያለው ስለ ልጁ ጤና ሲጠይቁት ነው እኮ። ከስር ዋሽንት ለቀቁባት፣ ከላይ በድሮን የተቀረጸ ንጹህ ውሃ፣ በቃ ጣና ድኗል። ሰው ደግሞ «በዓይኔ አይቼ» ይላል፣ ያየኸውን እኮ ቆርጦ የቀጠለው ኤዲተሩ ነው! ኩሌሾቭ የሚባለው የሩሲያ ዳይሬክተር የዛሬ 100 ዓመት ገደማ አሳይቶታል፣ ያንኑ አንድ ፊት ከሾርባ ጋር ስትቀጥለው የራበው፣ ከሬሳ ሳጥን ጋር ስትቀጥለው ያዘነ ይመስላል። እስቲ ሙዚቃውን ዘግታችሁ እዩት። አጎቴን ጎረቤት «ስንት ከፈሉህ» እያለው ከቤት መውጣት አስጠልቶታል።