ፖሊስ የሚጠብቀው ሥነ ምግባር

ሰሞኑን አንድ ተንታኝ ክርክር ላይ ቀርቦ እውነተኛ ሊበርታሪያን (ሌላውን እስካልጎዳ ድረስ መንግሥት በሰው ኑሮ ጣልቃ አይግባ የሚል ሰው) ወግ አጥባቂ ነው፣ ቤተሰብና ሥነ ምግባር በሕግ ካልተጠበቁ ነፃነት አይቆምም ሲል ሰማሁት። አጠገቡ ከተቀመጡት አንድም ሰው አልተቃወመውም። እኔን ግን አንጨረጨረኝ።

ማስረጃው ምን መሰላችሁ? ግድያን መከልከልም እኮ ሥነ ምግባርን በሕግ መጫን ነው ይላል። ይህን ይዞ አደባባይ መውጣት ያሳፍራል! ገዳይ የሰው ሕይወት አጥፍቷል። ሌባ የሰው ንብረት ወስዷል። ቤቱ ቁጭ ብሎ የሚጠጣ ሰውስ የማንን ምን ነካ? ሊበርታሪያኒዝም የቆመው በዚህች ልዩነት ላይ ነው፤ እሷን ካነሳህ የሚቀርህ ስሙ ብቻ ነው።

ወግ አጥባቂ ሆኖ መኖር ከሊበርታሪያንነት ጋር አይጋጭም። ጹም፣ ጸልይ፣ አትጠጣ፣ ልጆችህን በአያቶችህ ሥርዓት አሳድግ። ጎረቤትህንም ምከር፣ አልሰማም ካለህ ራቀው። ነገር የሚበላሸው ምክርህ አልሠራ ሲል ፖሊስ የጠራህ ዕለት ነው። ወግ አጥባቂዎችንና ሊበርታሪያኖችን ለማስታረቅ ዕድሜውን የፈጀው አሜሪካዊው ጸሐፊ ፍራንክ ሜየር እንኳ በግዳጅ የመጣ በጎነት በጎነት አይደለም ብሎ ነው የተከራከረው።

መንግሥት ጋብቻን ይጠብቅልን የሚሉት ደግሞ በአሜሪካዋ ቨርጂኒያ ግዛት የተፈጸመውን ጉዳይ ረስተውታል። እ.ኤ.አ. በ1958 ሪቻርድና ሚልድረድ ላቪንግ በተኙበት ሸሪፉ፣ ማለትም የአካባቢው የፖሊስ አዛዥ፣ በሌሊት መኝታ ቤታቸው ገባ፣ ባትሪ አበራባቸው። ሚልድረድ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የጋብቻ ወረቀት ብታሳየው እዚህ አይሠራም አለ። ጥፋታቸው እሱ ነጭ፣ እሷ ጥቁር መሆናቸው ነው። አንድ ዓመት እስር ተፈረደባቸው፤ ግዛቱን ለ25 ዓመት ለቀው ከወጡ እንዳይታሰሩ ተባለ። ጉዳዩ ተመልሶ ሲቀርብለት ዳኛው እግዚአብሔር ዘሮችን በየአህጉሩ ለያይቶ ያስቀመጠው እንዳይቀላቀሉ ነው ብሎ ጻፈ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን ሕግ የሻረው በ1967 ነው።

እስቲ ንገሩኝ፣ ያን ሌሊት ጋብቻን ያከበረው ማን ነበር? ወረቀቱን ግድግዳ ላይ የሰቀሉት ባልና ሚስት ወይስ መኝታ ቤት ድረስ የገባው ሕግ? ሸሪፉም ሆነ ዳኛው ሥነ ምግባር እንጠብቃለን ብለው ነው የሠሩት። ሥልጣኑን ለመንግሥት ከሰጠኸው በኋላ ሥነ ምግባር ምን እንደሆነ የሚወስነው ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ነው፣ አንተ አይደለህም፣ ካህንህም አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ከ1920 እስከ 1933 መጠጥ ሲታገድ እግዱን ሲወተውቱ ከኖሩት ግንባር ቀደሞቹ የሃይማኖት ሰዎች ነበሩ። ከዚያ በኋላ ለቁርባን ወይን እንኳ የመንግሥት ፈቃድ ማውጣት ግድ ሆነ።

የልጆች ነገር እንደሚከብድ አልክድም። ልጅ ገና ለራሱ አይወስንም። ግን የልጅን ጉዳይ ይዞ የአዋቂን ጓዳ መፈተሽ ማጭበርበር ነው።

ሰውየው ወግ አጥባቂ ነኝ፣ መንግሥትም ዱላውን ይዞ ያግዘኝ ይበል። አቋም ነው፣ እንከራከርበታለን። ሊበርታሪያን የሚለውን ስም ግን ይተውልን።