ማስተካከያ፦ ሽቦ ስለማይታይባቸው የጃፓን የአበባ ማስቀመጫዎች

ባለፈው ጽሑፌ ሁለት ስህተት ሠርቻለሁ። ሽቦ የማይታይባቸው የቆዩ የጃፓን የኢናሜል (በብረት ላይ በእሳት ቀልጦ የተጣበቀ ባለቀለም መስታወት) ማስቀመጫዎች «በብሩሽ ብቻ የተሳሉ ናቸው» ብዬ ነበር። እንደዚያ አይደለም። ሠሪው መጀመሪያ ከመዳብ በተሠራው ማስቀመጫ ላይ የሥዕሉን መስመር ተከትሎ ቀጫጭን ሽቦ ያቆማል። በየክፍሉ የተፈጨ ባለቀለም መስታወት በውሃ ለውሶ ይሞላል። ከመጨረሻው እሳት በፊት ግን ሽቦውን ነቅሎ ያወጣዋል። ቀለሞቹ ሲቀልጡ ጠርዛቸው ይዋሃዳል፤ ያ ጭጋግ የመሰለ ውበት የሚመጣው ከዚህ ነው። ይህን ሁሉ ልፋት «ብሩሽ» ብሎ ማለፍ ባለሙያዎቹን መበደል ነው፤ ይቅርታ።

ዝነኞቹን የኢናሜል ባለሙያዎች ናሚካዋ ያሱዩኪንና ናሚካዋ ሶሱኬንም ወንድማማቾች ብያቸዋለሁ። ዝምድና የላቸውም፤ ስማቸው በጃፓንኛ የሚጻፈውም በተለያየ ፊደል ነው። የኪዮቶው ያሱዩኪ በሽቦ ሥራ፣ የቶኪዮው ሶሱኬ ደግሞ ሽቦ አልባውን በማሳደግ ነው የታወቁት።