አራት ማለዳ ያለው ሰው፦ ሩጫው ይብዛ ወይስ ብረቱ?

ተከራካሪዎቹ ሁለት አሠልጣኞች ናቸው። ጉዳዩ ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የሚውል፣ ኅዳር ላይ ለሚካሄደው የታላቁ ሩጫ 10 ኪሎ ሜትር የተመዘገበ ጀማሪ ነው። በሳምንት አራት ማለዳ አለው፤ በየማለዳው አንድ አንድ ሰዓት። አንዱ «ሦስቱ ለሩጫ፣ አንዱ ለብረት ማንሳት» ይላል፤ ሌላው «እኩል ይካፈል»።

የሩጫ አሠልጣኝ፦ ለ10 ኪሎ ሜትር የሚዘጋጅ ሰው ዋና ሥራው መሮጥ ነው፤ ልብና ሳንባ የሚለምዱት በመደጋገም ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የጀማሪ ትንፋሽ ቶሎ ያጥራል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው መመሪያም በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይላል። ሦስት ማለዳ 180 ደቂቃ ነው፤ ያንተ ሁለት ማለዳ 120 ላይ ይቀራል።

የጂም አሠልጣኝ፦ መመሪያውን መሀል ላይ አቋረጥከው፣ ወንድሜ። ሩጫ የሚመደበው ከጠንካራው እንቅስቃሴ ነው፤ ለእሱ የተቀመጠው ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ነው። 120 በደንብ ገባ። ዋና ዋና ጡንቻዎችን የሚያሠራ ልምምድ ደግሞ ቢያንስ ሁለት ቀን ይላል፤ ያንተ አንድ ቀን አይሞላም። ለትንፋሹ ከታክሲ ቀድሞ ወርዶ ፈጠን ብሎ መራመድም ያግዛል፤ ስኳት (ቁጭ ብድግ) ግን ታክሲ ሰልፍ ላይ አይሠራም።

ጀማሪ የሚሰናከለው የት እንደሆነ እናውቃለን። ትንፋሹ በጥቂት ሳምንት ይከፈታል፤ ጅማትና አጥንት ግን ዘግይተው ነው የሚጠነክሩት። «በረታሁ» ብሎ ኪሎ ሜትር ሲጨምር ቅልጥሙን ያመዋል። ስለዚህ በብረት ቀን ይህን ይሥራ፦ ስኳት 3 ዙር፣ በየዙሩ 8 ጊዜ፤ ዱምቤል (በእጅ የሚያዝ ክብደት) ይዞ፣ ጀርባን ቀጥ አድርጎ፣ ዳሌን ወደ ኋላ እየገፉ መታጠፍ 3 ዙር በ8፤ ደረጃ ጫፍ ላይ በአንድ እግር ተረከዝ ማንሳት 3 ዙር በ12፣ ሲወጣ አንድ ሰከንድ፣ ሲወርድ ሦስት። ከዚያ በላይ ሁለት ጊዜ ብቻ መድገም የሚችል ሲመስለው ያቁም። ብዙው ሰው ሲወርድ ስለሚለቀው ባቱ የሚገባውን አያገኝም።

የሩጫ አሠልጣኝ፦ ቅልጥሙን የሚያመው ስለሚፈጥን ነው። 3 ደቂቃ ሩጫ፣ 1 ደቂቃ እርምጃ፣ አሥር ጊዜ፤ እየሮጠ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ካቃተው ፈጥኗል። ሒሳቡንም እየው፦ በሳምንት 15 ኪሎ ሜትር ቢሮጥ ለሦስት ቀን አምስት አምስት ነው፤ ለሁለት ቀን ሰባት ተኩል። ቅልጥምን የሚጎዳው የቱ ነው? ደግሞ ተመራማሪው ሒክሰን እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተመው ጥናት ብረትና የጽናት ልምምድን አዳብለው የሠሩት ሰዎች የጡንቻ ጉልበታቸው ማደጉን አቁሞ በመጨረሻ ወርዷል።

የጂም አሠልጣኝ፦ በኪሎ ሜትሩ ሒሳብ ልክ ነህ፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ወር 15 ኪሎ ሜትር አይነካም። ሒክሰን ግን ለእኔ ነው የሚመሰክረው። ሰዎቹ አምስት ቀን ብረት፣ ስድስት ቀን የጽናት ልምምድ ነበር የሚሠሩት፤ የተጎዳውም የጡንቻ ጉልበታቸው እንጂ ትንፋሻቸው አይደለም።

ቀኖቹን እንዲህ አስቀምጣቸው፦ ሰኞ ብረት፣ ማክሰኞ ሩጫ፣ ሐሙስ ብረት፣ ቅዳሜ ረጅሙ ሩጫ። ረቡዕና አርብ ዕረፍት ናቸው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ከሆነ ማለዳ ብረት ሠርቶ ቀኑን በባዶ ሆድ አይውልም። በጾሙ ዋዜማ፣ ማክሰኞና ሐሙስ፣ ምስሩን አያሳንስ፤ 100 ግራም ደረቅ ምስር ወደ 25 ግራም ፕሮቲን አለው።

የሩጫ አሠልጣኝ፦ ሰኞ ስኳት የሠራ ጀማሪ ማክሰኞ ደረጃ የሚወርደው ግድግዳ ተደግፎ ነው። እንዴት ይሮጣል?

የጂም አሠልጣኝ፦ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አንድ አንድ ዙር ብቻ ይሥራ፤ ማክሰኞም ያንተ 3 ደቂቃ ሩጫ፣ 1 ደቂቃ እርምጃ ይሁን።

የሩጫ አሠልጣኝ፦ ይሁን። ውድድሩ እሑድ ስለሆነ ግን በዚያ ሳምንት ሐሙስ ብረት አልፈቅድም።

የጂም አሠልጣኝ፦ የእግሩ ይቅር። ፑሽ አፕና ፕላንክ (በክርን ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መቆየት) ይሥራ።

የሩጫ አሠልጣኝ፦ ፕላንኩን ፈቅጃለሁ።